የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በጣና ዳርቻ የመጀመሪያው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤቱ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ በባሕር ዳር የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ በከተማችን ጥንታዊው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትኛው እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር። አንዳንዶቹ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ያለው አሮጌ የድንጋይ ግንብ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ግን ካቶሊኮች ወደዚህ የመጡት በቅርቡ ነው ብለው ይከራከራሉ። የትኞቹ ናቸው ልክ?
መምህር፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ መምህር፣ የተማሪዎችዎ ክርክር የተነሣው ሁለት የተለያዩ ዘመናት በአንድ ጥያቄ ውስጥ ስለ ገቡ ነው። በጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ የቆመው ግንብ በትውፊት የሚሰጠው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጣና ዙሪያ ይኖሩ ለነበሩት የኢየሱስ ማኅበር ካህናት፣ ማለትም ጀስዊት ወይም ኢየሱሳውያን ለሚባሉት፣ በተለይም ለስፔናዊው አባ ፔድሮ ፓኤዝ ነው። ይሁን እንጂ ግንቡ የመኖሪያ ቤት እንጂ የቤተ መቅደስ አሠራር ያለው አይደለም። ባሕር ዳርም በዚያ ዘመን የዛሬዋ ከተማ አልነበረችም፤ በጊዮርጊስ ደብር ዙሪያ የተሰባሰበች የሐይቅ ዳር መንደር ነበረች፤ ሰፋፊ ጎዳናዎቿና በዘንባባ የተዋበው ገጽታዋ ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ለተማሪዎችዎ ጥያቄውን ትንሽ ሰፋ አድርገው፣ በጣና ዳርቻ የመጀመሪያው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የት ነበረ ብለው ቢያቀርቡላቸው ወደ ዋናው ታሪክ ይገባሉ። መልሱም ከባሕር ዳር ማዶ፣ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኘው ጎርጎራ ናት።

ኢየሱሳውያን ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በ1557 (በዚህ ዓምድ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጳጳሱ በአንድሬ ዴ ኦቪዬዶ መሪነት ነበር። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ኑሯቸው በአብዛኛው በዐድዋ አጠገብ በማይ ጓጓ ተወስኖ ቆየ፤ ሰፈራቸውንም በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ በፍሬምናጦስ ስም ፍሬሞና ብለው ሰይመውት ነበር። ከቤተ መንግሥት የራቁ፣ እርዳታ ከባሕር ማዶ ለዓመታት የማይደርሳቸው ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ኦቪዬዶም በ1577 እዚያው ዐረፉ። ይህ ሁሉ የተለወጠው ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ ለፓኤዝና ለባልንጀሮቹ በጎርጎራ ቦታ በሰጧቸው ጊዜ ነው። ያ ስጦታ ኢየሱሳውያንን ከሀገሪቱ ዳር አንሥቶ ንጉሡ በሚቀመጡበት በደምቢያ፣ በሀገሪቱ ልብ ላይ አስቀመጣቸው።

ዛሬ በባሕር ዳር ያሉት ካቶሊካውያን ምእመናን ግን የዚያ ዘመን ቀጥተኛ ወራሾች አይደሉም። የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ራሱን ችሎ የቆመው በ2015 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት ከፍለው ባቋቋሙት ጊዜ ነው። በጎርጎራና በባሕር ዳር መካከል ረጅም የዝምታ ዘመን አለ፤ ዝምታውን የሰበረው ማን እንደሆነ ከምሥራቅ ጎጃም ለጻፉልን አንባቢ በምንሰጠው መልስ ውስጥ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ከልጅነቴ ጀምሮ ማርያም ግንብን የሠራው ፓኤዝ የሚባል ፈረንጅ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ ለጎብኚዎችም እንዲሁ ይነገራል። እውነት ነውን? እንደዚያ ያለ ሕንጻ በዚያ ዘመን በምን ተሠራ?
የጎርጎራ ተወላጅ፣ ከቆላ ድባ

መልስ፦ ፓኤዝ በጎርጎራ መሥራቱ እውነት ነው፤ ዛሬ ፍርስራሹ የሚታየውንና ማርያም ግንብ የሚባለውን ቤተ ክርስቲያን ግን አልሠራም። ምክንያቱም ጎርጎራ ሁለት ናት። አሮጌዋ ጎርጎራ ወደ ሐይቁ በገባው ልሳነ ምድር ላይ የነበረችው ስትሆን፣ ፓኤዝ ለንጉሡ ባለ ፎቅ ቤተ መንግሥት ያነጸው፣ ለማኅበሩም ቤተ ክርስቲያን የሠራው በእርሷ ነው። አዲሷ ጎርጎራ፣ ማርያም ግንብ ያለባት፣ ከዚያ በኋላ የተቆረቆረች ናት። ፓኤዝ በግንቦት 1622 በጎርጎራ ዐርፏል፤ በአዲሷ ጎርጎራ የቆመው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የተነሣው በ1620ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። እንግዲህ ለጎብኚ ትክክለኛውን ነገር መንገር የሚፈልግ ሰው፣ በጎርጎራ የግንብ ሥራን በአሮጌዋ ቦታ የጀመረው ፓኤዝ እንደሆነና የተከተሉት ካህናትና ግንበኞች እንዳስፋፉት ቢናገር ከእውነቱ አይወጣም።

ስለ ፓኤዝ ግን ጥቂት ማለት ይገባል። በ1564 በስፔን ተወለደ፤ በህንድ ከነበረችው የፖርቱጋሎች ከተማ ከጎዋ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት የሞከረው ገና በ1589 ሲሆን፣ በመንገድ ተይዞ እስከ 1596 ድረስ በየመን ምርኮኛ ሆኖ ኖረ። በዚያ ዐረብኛ ተማረ። ምጽዋ የደረሰው በ1603 ነው። በኢትዮጵያ በቆየባቸው ዓመታት ግዕዝና አማርኛ ለመደ፤ በ1618 ከንጉሡ ጋር ሰከላ ድረስ ሄዶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ፤ የኢትዮጵያን ታሪክም በፖርቱጋልኛ ጻፈ። የጎርጎራው ቤተ መንግሥት ሲሠራ እንደ ዋና ግንበኛ ሆኖ ያዘዘው እርሱ ሲሆን፣ መዶሻውና መሮው እንዴት እንደሚሠራ፣ ድንጋዩም እንዴት እንደሚጠረብ ለሠራተኞቹ በእጁ እያሳየ እንደነበር ባልንጀሮቹ መዝግበዋል። መጽሐፍ የሚተረጉም፣ ከንጉሥ ጋር የሚከራከር፣ ወርዶም ድንጋይ የሚጠርብ ሰው ነበርና ስሙ ከሠራው በላይ ለሆነው ሕንጻ ሁሉ መጠሪያ መሆኑ ብዙ አያስደንቅም።

በምን ተሠራ ላሉት ዋናው ነገር ኖራ ነው። ኢየሱሳዊው ማኑኤል ዴ አልሜይዳ እንደጻፈው፣ በዚያ ዘመን ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለይቶ ያገኘው ከህንድ የመጣ ባለሙያ ሲሆን ጊዜውም 1621 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ግንብ በአብዛኛው በጭቃ የሚያያዝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ቅስት ማንሣትና ጣሪያን በድንጋይ መክደን ቻሉ። በማርያም ግንብ መቅደስ ላይ የነበረው ጣሪያ ጎበጥ ብሎ የተሠራ የድንጋይ ጣሪያ ነው፤ ውስጡ በአራት ማዕዘን ክፍልፋዮች ተከፋፍሎ በየክፍልፋዩ መካከል ከድንጋዩ ራሱ የተፈለፈለ አበባ ተቀምጦበታል። የአበባዎቹ አቀራረጽ በጎዋና በዲዩ ከሚታየው የፖርቱጋልና የህንድ ቅይጥ ጥበብ ጋር ይመሳሰላል፤ እጁ ግን የአንድ ሀገር ሰው እጅ ብቻ አይደለም፤ ከህንድ የመጡት ግንበኞች ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ሆነው የሠሩት ነው። ከ2006 ጀምሮ የማድሪድ ኮምፕሉተንሴ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች በአዘዞ፣ በደንቀዝና በጎርጎራ ለዓመታት ያካሄዱት ጥናት ይህንን የጥበብ ቅይጥ በሚገባ አሳይቷል።

እኔ በግሌ ከዚህ ሁሉ ትልቁ ነገር ብዬ የምቆጥረው ሙያው ከካህናቱ ጋር አብሮ አለመባረሩን ነው። ኢየሱሳውያን ከሀገር ከወጡ ከሁለት ዓመት በኋላ ገደማ፣ በ1636 አካባቢ፣ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ቆረቆሩ፤ በኖራ የተያያዘው፣ ቅስትና ሰገነት ያለው የፋሲል ግንብም ያንኑ የተለመደ ጥበብ ተከትሎ ተነሣ። ጎንደሬዎች ያን ጥበብ የራሳቸው አድርገው ለአንድ ምዕት ዓመት ከዚያም በላይ አሳድገውታል።

ጥያቄ፦ ኢየሱሳውያን በሌላ ሀገር ሁሉ በትምህርት ቤት ይታወቃሉ። በጣና ዙሪያስ ትምህርት ቤት ነበራቸው? ማንን፣ ምን ያስተምሩ ነበር?
የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ነበራቸው፤ ታሪኩን ለመረዳት ግን ከጣና ጥቂት መራቅ ያስፈልጋል። በ1541 ፖርቱጋላዊው ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ ጠመንጃ የታጠቁ 400 ያህል ወታደሮችን ይዞ ከግራኝ አሕመድ ጋር ይዋጋ ለነበረው ለኢትዮጵያ መንግሥት እርዳታ መጣ። እርሱ በውጊያው ተማርኮ ተገደለ፤ ከተረፉት ብዙዎቹ ግን እዚሁ ቀርተው ከኢትዮጵያውያት ጋር ተጋብተው ወለዱ፤ ርስትና ጉልትም አገኙ። የኢየሱሳውያን የመጀመሪያ ምእመናንና የመጀመሪያ ተማሪዎች የእነዚህ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ፤ በፍሬሞና የነበረው ትምህርት ቤትም ለእነርሱ የተከፈተ ነው።

ፓኤዝ በ1603 ፍሬሞና ሲደርስ ያደረገው የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ አነስተኛውን የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ወደ ሀገሩ ቋንቋ አስተርጉሞ ለሕፃናቱ ማስጠናት ነበር። መጽሐፉ በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ ነው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። በ1604 ዐፄ ዘድንግል ፓኤዝን ወደ ደምቢያ ባስጠሩት ጊዜ ከተማሪዎቹ ጥቂት ሕፃናትን ይዞ ሄደ፤ ሕፃናቱ በንጉሡና በመኳንንቱ ፊት ቆመው ሲጠያየቁና ሲመልሱ ቤተ መንግሥቱ ተደነቀ። ንጉሡን ወደ ካቶሊክ እምነት ያዘነበላቸው የሊቃውንቱ ክርክር ብቻ አልነበረም፤ የእነዚያ ልጆች አንደበት ድርሻ ነበረው። ዘድንግል ግን ያን ዝንባሌያቸውን በአዋጅ ለማጽናት ቸኮሉ፤ በዚያው ዓመት በተነሣባቸው ዐመፅ በጦር ሜዳ ሞቱ። በኋላ በሱስንዮስ ላይ የሆነው ሁሉ እዚህ ላይ በአጭሩ ታይቶ ነበር።

ኢየሱሳውያን ወደ ጣና ሲመጡ ይህንኑ የማስተማር ልማድ ይዘው መጡ፤ ሕፃናትን በዙሪያቸው ሰብስበው ማንበብን፣ ጸሎትንና ትምህርተ ክርስቶስን ያስተምሩ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፤ ትምህርት ወደሌለበት ምድር ትምህርት አላመጡም። የጣና ደሴቶችና የጎጃም ደብሮች በዚያ ዘመንም የንባብ፣ የዜማ፣ የቅኔና የመጻሕፍት ጉባኤ የሚዘረጋባቸው ነበሩ፤ ከንጉሡ ፊት ቀርበው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ከፓኤዝ ጋር የተከራከሩትም በእነዚሁ ጉባኤዎች የበሰሉ መነኮሳት ናቸው። ኢየሱሳውያን በፈንታቸው ያለ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት እርዳታ አንድ መጽሐፍ እንኳ ሊተረጉሙ ባልቻሉም ነበር። ኢየሱሳዊው ሉዊስ ዴ አዜቬዶ ግዕዝን ጠልቆ የተማረውና የቅዱሳት መጻሕፍትን ትርጓሜ ወደ ግዕዝ ለመመለስ የደከመው ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ ነው። ሌላው ኢየሱሳዊ አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ ያዘጋጀው «መቅሠፍተ ሐሰታት» የተባለው የክርክር መጽሐፍም ካህናቱ ከሀገር ከወጡ በኋላ በ1642 በጎዋ በግዕዝ ፊደል ታትሟል።

ያ ክርክር ለአማርኛችንም ያስገኘው ነገር አለ። ሕዝቡ እንዲሰማው ሲባል የሃይማኖት ትምህርት ከግዕዝ ወጥቶ በአማርኛ መጻፍ የጀመረው በብዛት በዚህ ዘመን ነው፤ ኢየሱሳውያን በአማርኛ ሲያስተምሩ የተዋሕዶ ሊቃውንትም መልሱን በአማርኛ ለመጻፍ ተገደዱ። ከኢየሱሳውያን ጋር ቅርበት የነበራቸው የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስም ከስደቱ በኋላ ሮም ሄደው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀመጡ፤ በ1652 ወደ ጀርመኗ ከተማ ወደ ጎታ ተጉዘው ለጀርመናዊው ሊቅ ለኢዮብ ሉዶልፍ ግዕዝንና አማርኛን አስተማሩት። ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ ሀገራቸው ሊመለሱ ሲሉ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። ሉዶልፍ ግን ከእርሳቸው የተማረውን ይዞ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ስለዚህ አንድ ሰው ከዚያ ዘመን ትምህርት ምን ተረፈ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ከፍርስራሹ አስቀድሜ የማነሣለት እነዚህን መጻሕፍት ነው።

ኢየሱሳውያን ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት የተመለሱት ከ300 ዓመታት በኋላ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1945 የካናዳ ኢየሱሳውያንን ጋብዘው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ አደረጉ፤ በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅንም ያቋቋሙት ከእነዚሁ መካከል የሆኑት ዶክተር ሉሲየን ማት ናቸው። የመጡት ሃይማኖት እንዳይሰብኩ ተነግሯቸው፣ የካህን ልብስ ትተው እንደ ማንኛውም መምህር ለብሰው ነበር። ጎርጎራን የሚያውቅ መንግሥት ያወጣው ሕግ ይመስላል።

ጥያቄ፦ በእኛ ዘንድ ስለ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የሚነገረው የደምና የስደት ታሪክ ነው። ካቶሊኮቹ ያን ያህል ትምህርትና ሕንጻ ካመጡ፣ ሕዝቡ ለምን አልተቀበላቸውም?
አንባቢ፣ ከዘጌ

መልስ፦ ወንድማችን ወይም እኅታችን፣ በእናንተ ዘንድ የሚነገረው እውነት ነው፤ ከላይ የጻፍነው ያንን እንዲያስረሳ አንፈልግም።

ደም መፍሰስ የጀመረው ገና የኢየሱሳውያን ፓትርያርክ ሳይመጣ ነው። በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ከንጉሡ አማች ከዩልዮስ ጋር ሆነው ሃይማኖታቸውን ለመከላከል ተነሥተው ሁለቱም በውጊያ ተገደሉ። የዚያን ቀን ጥላ በጣና ላይ እንዴት እንዳረፈ ለማየት የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ገድል ማንበብ ይበቃል። በ1672 የተጻፈው ይህ ገድል እንደሚተርከው፣ የንጉሡ ሹም የነበረው ባሏ ከዘመቻው ሲመለስ የተገደሉት ጳጳስ ልብስ በእጁ መኖሩን በሰማች ጊዜ ከእርሱ ጋር መኖር ተጸየፈች፤ ቤቷን ጥላም መነኰሰች። ከዚያ በኋላ በሐይቁ ዳርቻና በደሴቶቹ የሚሸሹትን እየሰበሰበች ማኅበር መሠረተች፤ በ1642 ዐርፋ መቃብሯ በሬማ ደሴት ነው። የጎርጎራን ግንብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሬማን መቃብር ካላነሣ ግማሹን ብቻ ጽፏል።

ስለ ምክንያቱ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ሕዝቡ እምቢ ያለው ለትምህርቱ ሳይሆን ለአዋጁ ነው። ፓኤዝ ለ19 ዓመታት ያህል በሀገሪቱ ሲኖር በማስተማርና በማስረዳት ይሄድ ነበር፤ በቋንቋውም በልማዱም የሀገር ሰው ሆኖ ነበር። ሱስንዮስ በግልጽ ካቶሊክ መሆናቸውን ያሳወቁት በ1622 ሲሆን ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ ሰው ነበሩ። በ1626 በደንቀዝ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም ሊቀ ጳጳሳት ታማኝነታቸውን በመሐላ ካረጋገጡ በኋላ፣ የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ ቤተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፣ ግዝረትና የቀዳሚት ሰንበት አከባበር እንዲቀር፣ ጾሙና በዓሉ በሮም አቆጣጠር እንዲሆን ታዘዘ። ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ክርስቲያን የነበረን ገበሬ ዳግመኛ ተጠመቅ ማለት፣ እስከ ዛሬ አረመኔ ነበርህ፣ የቀበርካቸው አባቶችህም አረመኔዎች ነበሩ ማለት ነው። ይህንን የሚችል ሕዝብ በየትም ሀገር የለም። ሜንዴዝ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ይህን አለማየታቸው ግን ጥፋት ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉትም እርሳቸው ብቻ አይደሉም፤ የላስታና የጎጃም ገበሬዎች ከፍለውታል።

ዐመፁ ከየአቅጣጫው ተነሣ፤ ከሁሉ የበረታው የላስታው ነበር። በ1632 ወይና ደጋ በተባለው ቦታ በተደረገው ውጊያ ንጉሡ አሸነፉ፤ በሜዳው ላይ ግን በሺዎች የሚቆጠር የገበሬ ሬሳ ወድቆ ነበር። መኳንንቱ ንጉሡን ወደዚያ ሜዳ እያሳዩ፣ እነዚህ የሞቱት እስላምም አረመኔም ሳይሆኑ የገዛ ወገኖችዎ ክርስቲያኖች ናቸው ብለው እንደ ነገሯቸው ተጽፏል። ሱስንዮስ በዚያው ወር ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በሕዝቡ አፍ አለ። ንጉሡ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ሰጥተው ጥቂት ወራት ኖረው ሞቱ፤ ራሳቸው ባሠሩት በአዘዞ ገነተ ኢየሱስም ተቀበሩ። ኢየሱሳውያን መጀመሪያ ወደ ፍሬሞና፣ ቀጥሎም በ1634 ከሀገር ተባረሩ፤ ተደብቀው ከቀሩት ጥቂቶች መካከል የተገደሉ አሉ። የፖርቱጋሎቹ ዘሮችም በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ወይ ተዋሕዶ እንዲሆኑ ወይ እንዲሄዱ ተብለው ብዙዎቹ በዛሬዋ ሱዳን ወደነበረው ወደ ስናር ወጡ። የጎርጎራው ቤተ ክርስቲያን ግን አልፈረሰም፤ የተዋሕዶ ታቦት ገብቶበት የማርያም ሆነ።

ጥያቄ፦ አባ ገብረ ሚካኤል የሚባሉት የካቶሊክ ሰማዕት የእኛ አካባቢ ሰው ናቸው ይባላል። ከዚህ ታሪክ ጋር ምን ግንኙነት አላቸው?
አንባቢ፣ ከመርጡለ ማርያም

መልስ፦ አባ ገብረ ሚካኤል በእናንተው አካባቢ በዲቦ ተወልደው በመርጡለ ማርያም የመነኰሱ የጎጃም ሊቅ ናቸው። ይህ ራሱ ልብ የሚባል ነገር ነው፤ መርጡለ ማርያምን ያሠሩት ንግሥት እሌኒ ሲሆኑ፣ ኢየሱሳውያን በ1620ዎቹ መጨረሻ እንደገና ገንብተውት ነበር። ከ200 ዓመታት በኋላ የካቶሊክን እምነት የተቀበሉት ሊቅ ያደጉት በእነዚያ የተቀረጹ ድንጋዮች ጥላ ሥር ነው።

ገብረ ሚካኤል ወደ ካቶሊክነት የደረሱት ግን በአዋጅ ሳይሆን በትምህርት ፍለጋ ነው። በዘመኑ ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በሚያስተምሩት ትምህርት በቅባት፣ በጸጋና በተዋሕዶ ተከፋፍለው ይከራከሩ ነበር፤ እርሳቸውም እውነተኛውን ትምህርት ፍለጋ ከገዳም ገዳም ይዞሩ ነበር። በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ የላኩት ልኡክ አባል ሆነው ሲሄዱ፣ ላዛሪስት ከሚባለው የካቶሊክ ሚስዮናውያን ማኅበር ካህን ከዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ተዋወቁ፤ ሮምንና ኢየሩሳሌምንም አዩ። በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851 በደ ያቆቢስ እጅ ቅስና ተቀበሉ፤ ሁለቱ አብረውም ለተማሪዎች የሚሆኑ መጻሕፍት ያዘጋጁ ነበር። በዘመኑ የኢትዮጵያ ጳጳስ በነበሩት በአቡነ ሰላማ ትእዛዝ ተይዘው፣ ቀጥሎም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በሰንሰለት ታስረው ሲንገላቱ ቆይተው በ1855 ሞቱ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1926 ብፁዕ ብላቸዋለች፤ ደ ያቆቢስ ደግሞ በ1975 ቅዱስ ተብለዋል።

ደ ያቆቢስ ከሜንዴዝ የተለዩበት ዋናው ነገር የግዕዙን ሥርዓት መቀበላቸው ነው። እንደ ሀገሩ መነኩሴ ለብሰው፣ እንደ ሀገሩ ጾመው፣ ቅዳሴውን በግዕዝ ቀድሰው ኖሩ። ዛሬ በባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ያሉት ካቶሊካውያን በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድሱት ከዚህ መሥመር ስለ መጡ ነው። ለባሕር ዳሩ መምህር ቃል የገባንለት ድልድይም ይህ ነው፤ የከተማው ካቶሊካውያን አባት የጎርጎራው ፓትርያርክ ሳይሆን የዲቦው መነኩሴ ነው።

ጥያቄ፦ ቤተሰቤን ይዤ ጎርጎራን ለማየት አስቤአለሁ። ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዙ ምን ምን ቦታዎች ልመልከት?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጉዞዎን ከጎንደር ቢጀምሩ ይሻላል፤ እስከ ጎርጎራ ያለው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ አዘዞ ላይ ወርደው የገነተ ኢየሱስን ቦታ ይዩ፤ ሱስንዮስ የተቀበሩትም ኖራው ከተገኘ በኋላ ከተሠሩት ቀደምት ሕንጻዎች አንዱ የነበረውም እዚያ ነው። ከዚያ በቆላ ድባ በኩል ወደ ጎርጎራ ይውረዱ። በከተማዋ የደብረ ሲና ማርያምን የግድግዳ ሥዕሎች ሳያዩ አይለፉ፤ በማርያም ግንብና በደብረ ሲና መካከል ያለው የአሠራር ልዩነት ለልጆችዎ ከማንኛውም ገለጻ በላይ ያስረዳቸዋል። ወደ ማርያም ግንብ ሲሄዱ የአካባቢውን ሰው መሪ አድርገው ይያዙ፤ የክረምቱ ጭቃ ያስቸግራልና ከጥቅምት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ግድግዳዎቹ በብዙ ቦታ ተሰንጥቀዋል፤ በቅርብ አሥርት ዓመታት የፈረሰም ክፍል አለ። እባክዎ ልጆቹ ግንቡ ላይ እንዳይወጡ፣ ከወደቀው የአበባ ቅርጽም አንዲት ጠጠር እንኳ እንዳያነሡ ይንገሯቸው። የወደቁት ድንጋዮች በወደቁበት ካሉ ወደፊት መልሶ ለማቆም ባለሙያዎች ቦታ ቦታቸውን ያውቁላቸዋል።